ክሬሙ ለምን አልወፍር አለ? የማወፈሪያ ዱቄት በአዲስ አበባ ማድ ቤት

ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በሚወስደው መንገድ ላይ ካሉት የሸቀጣ ሸቀጥ መደብሮች ወደ አንዱ ገብቶ «ኮርን ፍላወር አለ?» ብሎ የጠየቀ ሰው፣ እንደ ሻጩ አረዳድ፣ በአጠቃቀም ፈጽሞ ከማይገናኙ ሁለት ዕቃዎች አንዱን ይዞ ሊወጣ ይችላል። አንደኛው ለገንፎና ለቂጣ የሚሆነው ተራ የበቆሎ ዱቄት ነው። ሁለተኛው ከበቆሎው ፍሬ ላይ ገለባው፣ ቅባቱና ፕሮቲኑ ተለይቶ ከወጣ በኋላ የሚቀረው፣ በጣት ሲታሽ የሚንሿሿው ነጭ ስታርች ነው። የስሙ መደበላለቅ የመጣው ከእኛ አይደለም። እንግሊዞች በዚህ ስም የሚጠሩት ስታርቹን ሲሆን፣ አሜሪካኖች ደግሞ በዚያው ስም የሚጠሩት የተፈጨውን በቆሎ ነው፤ የሁለቱም አገር የምግብ አሠራር በአንድ ስልክ ላይ ስለሚታይ ግራ የሚጋባው የእኛ ገዢ ሆኗል።

ነገሩ ጥቃቅን የጓዳ ጉዳይ ቢመስልም ሰበብ አለው። በቤታቸው ኬክ ጋግረው የሚሸጡ ሰዎች በርክተዋል፤ ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን በሚዘልቅበት ከተማ ያለ እንቁላልና ያለ ወተት የሚሠራ ኬክም ፈላጊው ብዙ ነው። እንቁላል ሲቀር ክሬሙን የሚያቆመው፣ ኬኩን የሚያያይዘው ሌላ ነገር ያስፈልጋል፤ ያ ሌላ ነገር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ የሚገባ ዱቄት ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣው ሁሉ ስለተወደደ፣ አልወፍር ብሎ የተደፋ አንድ ድስት ክሬም እንደ ቀድሞው «ይሁን» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

በእኔ ግምት አብዛኛው ክሽፈት የሚመጣው ከዱቄቱ ጥራት ማነስ አይደለም። ዱቄቱ ሙቀት ከሚፈልገው ወገን ይሁን ከማይፈልገው ሳይለይ በመጠቀም፣ በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ ለሚኖር ሰው የተጻፈን መመሪያ እንዳለ በመቅዳትና ስም ያልተጻፈበትን ዱቄት በእምነት በመግዛት የሚመጣ ነው። ከዚህም ሌላ፣ በውድ የምንገዛቸው ዱቄቶች ከሚሠሩት ሥራ ብዙውን የእናቶቻችን ጓዳ ከጥንት ጀምሮ በሌላ ስም ሲሠራው ኖሯል።

ስታርች ተክል ለራሱ ቀለብ እንዲሆነው በፍሬው፣ በሥሩ ወይም በግንዱ ውስጥ ያከማቸው ጥቃቅን ቅንጣት ነው። ቅንጣቱ በቀዝቃዛ ውኃ አይሟሟም፤ በብርጭቆ የተበጠበጠ ስታርች ጥቂት ሲቆይ ከሥር የሚዘቅጠው ለዚህ ነው። የበቆሎ ስታርች ከሆነ ውኃው ከ62 እስከ 72 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ቅንጣቱ ውኃ እየጠጣ ያብጣል፤ ሙቀቱ ሲጨምር አሚሎስ የሚባለው ረጅሙ የስታርች ሰንሰለት ከቅንጣቱ እየወጣ በዙሪያው ያለውን ውኃ ጠፍሮ ይይዛል። ሙሉ ውፍረቱን የሚያገኘው ግን ወደ 95 ዲግሪ ሲጠጋ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ በክፍት ድስት ያለ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ የቱንም ያህል እሳት ብንጨምርለት ከዚያ በላይ አይሞቅም። ስለዚህ «ፈላ ሲል አውጡት» የሚለው መመሪያ በለንደን ወይም በዱባይ ትክክል ሆኖ ሳለ በአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ባለ ማድ ቤት ግማሽ እውነት ይሆናል፤ ክሬሙ ፈልቷል፣ ስታርቹ ግን ገና አልጨረሰም። ችግሩ የሚብሰው ክሬሙ በቀጥታ እሳት ላይ ሳይሆን በፈላ ውኃ እንፋሎት ላይ በተቀመጠ ጎድጓዳ ሳህን ሲበስል ነው፤ ምክንያቱም ሳህኑ ውስጥ ያለው ከሥሩ ካለው ውኃ በታች ይሞቃል። ከ1,500 ሜትር በላይ ለሚኖሩ አብሳዮች በስታርች የሚወፍር ነገር በእንፋሎት እንዳያበስሉ የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው። እኔም ይህን ያወቅሁት በመጽሐፍ ሳይሆን በኪሳራ ነው፤ አንድ የጾም ወቅት ለሚልፎሊ ብዬ ያዘጋጀሁት ክሬም 40 ደቂቃ በእንፋሎት ላይ ተቀምጦ ከአጥሚት ያልዘለለ ሆኖ ቀረና ዱቄቱን ስረግም ዋልሁ። በማግሥቱ ያንኑ ዱቄት፣ በዚያው መጠን፣ በቀጥታ እሳት ላይ አድርጌ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ያህል ሳማስለው ማማሰያው እስኪቆም ድረስ ወፈረ።

ስኳርም የራሱ ድርሻ አለው። ስኳር ውኃውን ከስታርቹ ጋር ይሻማል፤ ብዙ ስኳር ባለበት ክሬም ውስጥ ስታርቹ ማበጥ የሚጀምረው ከፍ ባለ ሙቀት ላይ ነው፤ በእኛ ከፍታ ደግሞ ከፍ የሚልበት ቦታ ጠባብ ነው። በጣም ጣፋጭ ክሬም የሚሠራ ሰው ከስኳሩ ግማሹን አስቀርቶ ስታርቹ ከወፈረ በኋላ ቢጨምር ይቀለዋል። ሎሚና ቲማቲምም እንዲሁ ናቸው፤ አሲድ ከስታርች ጋር ሲፈላ ሰንሰለቱን ስለሚቆራርጠው የሎሚ ክሬም የሚሠራ ሰው ሎሚውን የሚጨምረው ድስቱ ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው።

መጠኑን በተመለከተ አንድ ኩባያ ፈሳሽ መካከለኛ ወፍራም ስጎ እንዲሆን አንድ የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች ይበቃዋል፤ በፉርኖ ዱቄት ከሆነ ሁለት ማንኪያ ያስፈልጋል፤ ፉርኖ ዱቄት ውስጥ ከስታርቹ ጋር ፕሮቲንም ስላለ ነው። ለኬክ የሚሆን፣ በቢላ ሲቆረጥ የማይፈስ ክሬም ግን በሊትር ከ80 እስከ 100 ግራም ስታርች ይፈልጋል። የድንችና የካሳቫ ስታርች ቶሎ ይወፍራሉ፣ መልካቸውም ጥርት ያለ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ከፈሉና ብዙ ከተማሰሉ ያበጠው ቅንጣታቸው እየፈረሰ መልሰው ይቀጥናሉ።

የጓጎለ ሽሮ ያላጋጠመው አብሳይ አይኖርም። ደረቅ ዱቄት በሚፈላ ውኃ ላይ በአንድ ጊዜ ሲደፋ የጓሉ ውጫዊ ክፍል ወዲያው አብጦ እንደ ልባስ ይሸፍነዋል፤ ውስጡ ደረቅ እንደሆነ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ማማሰል ጓሉን ያዞረዋል እንጂ አይፈታውም። ሽሮን በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጦ መጨመር ወይም በዘይት የተቁላላ ቁሌት ላይ እየነሰነሱ ማማሰል የዚህ መፍትሔ ነው፤ ዘይቱ እያንዳንዱን ቅንጣት ለያይቶ ይይዘዋል። የፈረንሳይ አብሳዮች ዱቄትን በቅቤ አሽተው ነጭ ስጎ የሚሠሩበት ዘዴ ከዚህ የተለየ አይደለም። እንዲያውም ሽሮ ራሱ የማወፈሪያ ዱቄት ነው ቢባል ስሕተት የለበትም፤ ሽሮ ፈሰስንና ተጋቢኖን የሚለያያቸው ዋናው ነገር የዱቄቱና የውኃው መጠን፣ ከዚያም የተንተከተከበት ጊዜ ነው። የጥራጥሬ ስታርች አሚሎሱ ከበቆሎው ስለሚበልጥ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል፤ ሲቀዘቅዝም ጠጠር ይላል። ያደረ ሽሮ በማንኪያ የሚቆረጠው ለዚህ ነው።

የወፈረ ነገር መልሶ የሚቀጥንበት ሌላም መንገድ አለ፤ እሱም ስታርችን የሚበላው አሚሌስ የተባለው ኢንዛይም ነው። በምራቃችን ውስጥ አለ፤ ልጅ በማንኪያ እየተመገበ ሳለ ሳህኑ ውስጥ የቀረው ሙቅ እየቀጠነ የሚሄደው ማንኪያው ከአፍ ወደ ሳህን ስለሚመላለስ ነው። ጥሬ የእንቁላል አስኳል ውስጥም አለ፤ እንቁላል ያለበት ክሬም በደንብ ሳይፈላ ከወጣ ማታ የቆመው ጠዋት ፈስሶ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ብቅል ውስጥ ደግሞ እጅግ ብዙ አለ፤ ጠላ ጠማቂ የምትፈልገውም እሱኑ ነው። እንግዲህ ክሬም የሚቀምስ ሰው የቀመሰበትን ማንኪያ ወደ ድስቱ ባይመልስ ከንጽሕናም በላይ ትርፍ አለው ማለት ነው።

የካስተርድ ዱቄትን በተመለከተ ብዙ ሰው እንቁላል ያለበት ይመስለዋል። ካስተርድ በመሠረቱ የበቆሎ ስታርች፣ ቀለምና የቫኒላ ጣዕም ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1837 በበርሚንግሃም አልፍሬድ በርድ የተባለ መድኃኒት ቀማሚ ዱቄቱን የፈጠረው ሚስቱ እንቁላል ስለማይስማማት ነበር። ስለዚህ ማሸጊያው ላይ የወተት ዱቄት እንደሌለበት ከተረጋገጠ ለጾም የሚሆን ነው፤ በስታርችነቱም ከላይ የተባለው የሙቀት ሕግ ይገዛዋል።

ሁለተኛው ወገን ሙጫዎቹ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ በከተማችን የቤት ውስጥ ጋጋሪዎች ዘንድ ስሙ የሚነሣው ዛንታን ሙጫ ሲሆን፣ ማሸጊያ ላይ ኢ 415 ተብሎም ይጻፋል። ዛንቶሞናስ ካምፔስትሪስ የተባለ ባክቴሪያ ስኳርን ሲያብላላ የሚያመነጨው ነው፤ የተገኘው በአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። ሙቀት አይፈልግም፤ በቀዝቃዛ ውኃም ይወፍራል፤ የሚያስፈልገውም ለአንድ ሊትር ስጎ ከሁለት እስከ ሦስት ግራም ብቻ ነው። ችግሩም ከዚሁ ይጀምራል። በስታርች የለመደ እጅ በሾርባ ማንኪያ ሲዝቅ የሚያገኘው ስጎ ሳይሆን የሚዝለገለግ ነገር ነው። ውኃ ሲነካው ከስታርች በባሰ ሁኔታ ስለሚጓጉል በቅድሚያ ከስኳሩ ወይም ከዘይቱ ጋር መቀላቀል አለበት። ለቤት ፍጆታ መቶ ግራም የገዛ ሰው ዓመት ሊቆይበት ስለሚችል፣ የግራሙ ዋጋ ከፍ ቢልም በአንድ ኬክ ላይ የሚያርፈው ወጪ እንደሚፈራው አይደለም።

ይሁን እንጂ ይህን ባሕርይ የምናውቀው ከዛንታን አይደለም፤ ከተልባ ነው። ተልባ ሲበጠበጥ የሚያወጣው ልጋግ በፍሬው ቆዳ ላይ ያለ ሙጫ ነው። በጾም ኬክ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ በደንብ የላመ ተልባ በሦስት ማንኪያ ውኃ ተበጥብጦ አሥር ደቂቃ ያህል ሲቆይ አንድ እንቁላልን በማያያዝ ሥራው ይተካል፤ ኬኩን ግን እንደ እንቁላል አያስነሣውም፤ መልኩንም ጠቆር ያደርገዋል፤ ስለዚህ ለቸኮሌትና ለቅመም ኬክ እንጂ ለነጭ ኬክ አልመክረውም። አብሽም እንዲሁ ነው። አብሽ ውስጥ ያለው ሙጫ ጉዋር ከሚባለውና ኢ 412 ተብሎ በአይስክሬም ማሸጊያ ላይ ከሚጻፈው ሙጫ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ በውኃ ተነክሮ፣ ምሬቱ እንዲወጣ ውኃው እየተቀየረ ታጥቦ ሲመታ ነጭ አረፋ የሚሆነው በዚህ ሙጫ ኃይል ነው። ሽታው ከሁሉም ምግብ ጋር ስለማይሄድ በኬክ ፋንታ በስጎ ውስጥ ቢውል ይሻላል።

ከሁሉም የሚያስደንቀኝ ግን አብሲት ነው። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ሊጥ ውስጥ የሚፈጠረውን አየር አቅፎ የሚይዝ የስንዴ ዓይነት መረብ አይሠራም። የተቦካው ሊጥ ጥቂቱ ተቀንሶ፣ በፈላ ውኃ ተማስሎ፣ ቀዝቀዝ ሲል ወደ ቡሖው ሲመለስ የሚሆነው ነገር የስታርቹ ክፍል አስቀድሞ መብሰሉና ቀሪውን ሊጥ ማወፈሩ ነው፤ ይህ የወፈረ ሊጥ አየሩን ስለሚይዘው እንጀራው ዓይን ያወጣል። ግሉተን የማይስማማቸው ሰዎች ዳቦ ውስጥ ዛንታን የሚጨመረው ይህንኑ ሥራ እንዲሠራ ነው። ዛሬ «ታንግጆንግ» እየተባለ በየቪዲዮው የሚወደሰው የእስያ ዳቦ ዘዴም አንድ እጅ ዱቄት በአምስት እጅ ውኃ 65 ዲግሪ ገደማ አሙቆ ወደ ሊጡ መመለስ ነው፤ ሲያዩት የስንዴ አብሲት ነው። አብሲት የምትጥል ሴት ከውጭ የመጣ የማወፈሪያ ዱቄት ሲሰጧት ግራ የምትጋባው ዕውቀቱ ስለሌላት ሳይሆን፣ የምታውቀው ነገር በሌላ ስም ስለመጣባት ይመስለኛል።

ጄላቲን ከእነዚህ ከሁለቱም ወገን አይደለም። ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚወጣ ፕሮቲን ስለሆነ ለጾም አይሆንም፤ ምንጩ ከአሳማ ሊሆን ስለሚችልም ሙስሊም ገዢ ማሸጊያውን ማንበብ ይኖርበታል። በየመደብሩ የሚሸጠው የጄሊ ዱቄት አብዛኛውን ጊዜ ከዚሁ የሚሠራ ነው። ምትኩ ከባሕር አልጌ የሚወጣው አጋር ሲሆን፣ እሱም ለመሟሟት ለጥቂት ደቂቃ መፍላት አለበት። ጄላቲን የሚጠቀም ሰው ትኩስ ፓፓያ ወይም አናናስ አይጨምርበት፤ በፍሬዎቹ ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች ፕሮቲኑን ስለሚፈጩት እስከ ጠዋት በፍሪጅ ቢያድርም አይረጋም።

የቀረው የገበያው ጉዳይ ነው። በመርካቶም ሆነ በየሰፈሩ መደብር የማወፈሪያ ዱቄት ከትልቅ ከረጢት እየተዘገነ በስስ ፌስታል ሲሸጥ ማየት የተለመደ ነው። ስታርች፣ ቤኪንግ ፓውደር፣ የወተት ዱቄትና ጀሶ በፌስታል ሲታዩ ልዩነታቸው ለዓይን አይገለጥም። በምግብ ላይ የሚደረግ ቅይጥ ለዚህ ከተማ ነዋሪ አዲስ ወሬ አይደለም፤ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ቢኖርም ከፌስታል የተገዛን ዱቄት ከየት እንደመጣ ማንም ተከታትሎ ሊደርስበት አይችልም። በቤት ውስጥ የሚሠራ አንድ ቀላል ፍተሻ አለ። ጥቂት ዱቄት በውኃ በጥብጦ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛውን የቁስል አዮዲን ጠብ ሲያደርጉበት ስታርች ካለ ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል፤ ንጹሕ ጀሶ ወይም ንጹሕ ሙጫ መልኩን አይቀይርም። ፍተሻው ስታርች መኖሩን ይናገራል እንጂ ሌላ ነገር አለመቀላቀሉን አያረጋግጥም፤ የተፈተነውም ይደፋል እንጂ አይበላም።

ሙጫዎችን በተመለከተ ጥንቃቄ የሚያስፈልግበት አንድ ቦታ አለ። የሕፃን ወተት ወይም ሙቅ ለማወፈር ዛንታንን በራስ ውሳኔ መጠቀም አይገባም፤ የአሜሪካ ምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2011 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ከዛንታን የተሠራ ማወፈሪያ ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት እንዳይሰጥ ከአንጀት ሕመም ጋር በተያያዘ አስጠንቅቋል። የመዋጥ ችግር ላለበት አረጋዊ የሚወፍር መጠጥም ቢሆን ልኩን ሐኪም ቢወስነው ነው የሚሻለው።

ወደ ክሬሙ ልመለስ። ከውጭ የሚመጣውን ስታርች ለመተካት እኔ የምጠቀመው ቡላን ነው። ቡላ ከእንሰት የሚጨመቅና የሚዘቅጥ ስታርች ሲሆን፣ በ1996 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የታተመ ጥናት የእንሰት ስታርች አሚሎስ 29 በመቶ እንደሆነና የሚያብጥበት ሙቀትም ከ62 እስከ 72 ዲግሪ አካባቢ እንደሆነ አሳይቷል፤ ይኸውም ከበቆሎው ብዙም የማይርቅ ነው። የቡላው ዱቄት መጀመሪያ በብዙ ቀዝቃዛ ውኃ ይበጠበጥና እንዲዘቅጥ ይተዋል፤ ከላይ የቀረው ውኃ ሲደፋ የመቡካት ሽታው አብሮ ይሄዳል፤ ይህን ሁለት ጊዜ መድገም ይበቃል። የዘቀጠው በአንድ ሊትር የኦቾሎኒ ወተት ውስጥ፣ በደረቁ ተመዝኖ 90 ግራም ያህል ሆኖ፣ በቀጥታ እሳት ላይ ያለማቋረጥ እየተማሰለ ከተንተከተከ በኋላ ሦስት አራት ደቂቃ ይቆያል፤ ስኳሩ መጨረሻ ላይ ይገባል። የሚገኘው ክሬም ነጭ፣ ለስላሳና በማንኪያ የሚቆም ነው። ነገር ግን አሚሎሱ ብዙ ስለሆነ በፍሪጅ ሲያድር ይጠጥራል፣ ውኃም ይለቃል፤ በመሆኑም ሚልፎሊው በተሠራበት ቀን መበላት አለበት፤ ለማግሥቱ የሚታዘዝ ኬክ ከሆነ እስከ አሁን ድረስ የካሳቫ ስታርች እቀላቅልበታለሁ።